የዴቢትና የክሬዲት ካርዳችሁን ከአጭበርባሪ እንዴት ትጠብቃላችሁ? ከዝግጅት እስከ ገንዘብ ማስመለስ

«ፒናችሁን ለማንም አትስጡ» የሚለውን ምክር ያልሰማ ሰው የለም። ሰምቶም የሚዘረፈው ግን ብዙ ነው። አጭበርባሪ ሲመጣ «ፒንህን ስጠኝ» ብሎ አይደለም የሚመጣው። «ከባንክ ነው የምደውለው፤ አሁን ከሂሳብዎ ላይ ገንዘብ እየወጣ ነው» እያለ ነው። ሰው ይደነግጣል። የደነገጠ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከዝግጅት ይጀምራል። በረጋ ልብ ያዘጋጃችሁት ነገር ነው በድንጋጤ ሰዓት የሚያድናችሁ። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ተከተሉ። አሁን ገንዘብ እየወጣባችሁ ከሆነ ግን ሌላውን ተዉትና በቀጥታ ወደ ደረጃ 8 ሂዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ያዙ። ሰው ስክሪናችሁን የማያይበት ቦታ ተቀመጡ። እነዚህን አቅርቡ፦

- ያሏችሁን ካርዶች በሙሉ፣ መሳቢያ ውስጥ የተረሳውንም ጭምር
- የባንካችሁ አፕ ያለበትን ስልክ
- እስክሪብቶና ወረቀት
- ያለፈውን ወር የሂሳብ መግለጫ

ደረጃ 1፦ የቱ ቁጥር ምን እንደሚከፍት እወቁ

ካርዱን በእጃችሁ ያዙና እያገላበጣችሁ እዩት።

የካርድ ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን፦ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ 16 አሃዝ ነው። «የፊት ለፊቱን ብቻ ፎቶ አንስቼ ብልክ ምን ችግር አለው?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ችግር አለው። አንዳንድ የኦንላይን ሱቆች በእነዚህ ሁለቱ ብቻ ያስከፍላሉ። የካርድ ፎቶ በቴሌግራምም ሆነ በዋትስአፕ አትላኩ።

ሲቪቪ፦ ከጀርባ ያለው 3 አሃዝ ነው። አሜሪካን ኤክስፕረስ ላይ 4 አሃዝ ሆኖ ከፊት ይገኛል። የካርድ ኢንዱስትሪው የደህንነት ደንብ ነጋዴዎች ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ይህን ቁጥር እንዳያስቀምጡ ይከለክላል። ስለዚህ ራሳችሁ ከፍታችሁ በገባችሁበት የክፍያ ገጽ ላይ ካልሆነ በቀር ሲቪቪ የሚጠይቃችሁን ሰው ጠርጥሩት።

ፒን፦ ኤቲኤምና የክፍያ ማሽን የሚከፍት ቁልፍ ነው። የባንክ ሠራተኛም ሆነ ፖሊስ ይህን ቁጥር የሚጠይቅበት ምክንያት የለም።

በኤስኤምኤስ የሚመጣው የአንድ ጊዜ ኮድ፦ ይህ ፊርማችሁ ነው። ኮዱን ለሰው መንገር ባዶ ቼክ ላይ ፈርሞ እንደ መስጠት ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ደረጃ 6 ላይ በሰፊው እንመለስበታለን።

ቺፑና ጥቁሩ መስመር፦ ቺፑ ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ ኮድ ያመነጫል። ከጀርባ ያለው ጥቁር የማግኔት መስመር ግን ሁልጊዜ ያንኑ መረጃ ነው የሚያነበንበው፤ ስለዚህ በቀላሉ ይቀዳል። ማስተርካርድ በ2033 ይህን መስመር ከካርዶቹ ላይ ጨርሶ እንደሚያጠፋ አስታውቋል። እስከዚያው ድረስ ምርጫ ካላችሁ ካርዱን ማሽኑ ውስጥ አስገቡ ወይም አስነኩ እንጂ ጥቁሩን መስመር አትፈትጉ።

አሁን ካርዶቻችሁን ለሁለት ክፈሏቸው። ዴቢት ካርድ ሲሰረቅ የሚወጣው የራሳችሁ ገንዘብ ነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ እጃችሁ ባዶ ይሆናል። ክሬዲት ካርድ ሲሰረቅ ግን በመጀመሪያ የሚነካው የባንኩ ገንዘብ ነው፤ ሂሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት መከራከር ትችላላችሁ። ስለዚህ ለኦንላይን ግዢ፣ ለሆቴልና ለማታውቁት ሻጭ ክሬዲት ካርድ ተጠቀሙ። ክሬዲት ካርድ ከሌላችሁ ሁለተኛ ሂሳብ ክፈቱ፤ የዚያን ሂሳብ ዴቢት ካርድ ብቻ ለዚህ አውሉት። የሚያስፈልጋችሁን ያህል ብቻ እያስገባችሁ ተጠቀሙ። ደመወዝ የሚገባበት ሂሳብ ካርድ ከኢንተርኔት ጋር ባይተዋወቅ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ግማሽ ሰዓቱን ተጠቀሙበት

1. ማሳወቂያ ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ክፍያ፣ ለትንሹም ጭምር መልእክት እንዲደርሳችሁ አድርጉ። ሌባ ካርድ ሲገዛ ወይም ሲሰርቅ በመጀመሪያ በጣም ትንሽ ገንዘብ ይሞክራል። ትንሿ ካለፈች ትልቁ ይከተላል። አፑ «ከዚህ መጠን በላይ ብቻ አሳውቅ» የሚል ከሆነ መጠኑን እስከሚቻለው ድረስ ዝቅ አድርጉት።

2. ገደብ አስቀምጡ። የቀን የኤቲኤም ወጪን ከምትፈልጉት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ወስኑ። የኦንላይን ክፍያና የውጭ አገር ክፍያ ካልተጠቀማችሁ ዝጉት። ስትፈልጉ ትከፍቱታላችሁ። አፑ ላይ ይህ ምርጫ ከሌለ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

3. ፒናችሁን ፈትሹ። አራት አሃዝ ሲሆን 10,000 አማራጭ አለው። ከ19 የሚጀምር የትውልድ ዓመት ስታደርጉት ግን አማራጩ ወደ 100 ይወርዳል። ቀንና ወር ካደረጋችሁት ከ366 አይበልጥም። ቦርሳችሁን የሰረቀ ሰው መታወቂያችሁንም ይዟል፤ የልደት ቀናችሁን አንብቦ ይሞክራል። 1234 እና 0000 ከመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ውስጥ ናቸው። ፒኑን ከስልክ መክፈቻችሁ ጋር አንድ አታድርጉት።

4. ስልካችሁን ቆልፉ። ከዚያ ወደ ማሳወቂያ ቅንብር ግቡና ስልኩ ተቆልፎ ሳለ የመልእክት ይዘት እንዳይታይ አድርጉ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። የተቆለፈ ስልክ ላይ ኮዱ ብቅ የሚል ከሆነ መቆለፉ ምን ይጠቅማል?

5. ሲም ካርዱ ላይ ፒን አድርጉ። ሌባ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ቢከት ኮዶቹ ለእሱ እንዳይደርሱ ነው። ጥንቃቄ፦ የመጀመሪያውን የሲም ፒን ከቴሌኮም ድርጅታችሁ ሳታረጋግጡ በግምት አትሞክሩ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ይቆለፋል። ያኔ ፐክ የሚባለው መክፈቻ ቁጥር ያስፈልጋል። እሱንም በግምት አትሞክሩ፤ ደጋግማችሁ ከተሳሳታችሁ ሲሙ ጨርሶ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። ወደ ድርጅቱ ሄዳችሁ ጠይቁ።

6. የኢሜይላችሁን የይለፍ ቃል ቀይሩ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ክፈቱ። ኢሜይላችሁ ውስጥ የገባ ሰው የሌሎቹን አፖች የይለፍ ቃል አንድ በአንድ እየቀየረ ይሄዳል።

7. የባንኩን የአደጋ ጊዜ ስልክ ጻፉ። ከካርዱ ጀርባ ላይ ገልብጡት። ከኢንተርኔት ፍለጋ አትውሰዱ፤ አጭበርባሪዎች የሐሰት «የደንበኞች አገልግሎት» ቁጥር እዚያ ያስቀምጣሉ። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አኑሩ፣ አንድ ለምታምኑት ሰውም ስጡ። ከጎኑ የካርዱን የመጨረሻ 4 አሃዝ ብቻ ጻፉ።

8. ካርድ ማገጃውን ተለማመዱ። አፑ ላይ «ካርድ አግድ» ወይም «ለጊዜው ዝጋ» የሚለውን ፈልጉ። ዝጉት። ከዚያ መልሳችሁ ክፈቱት። አሁን፣ ይህን እያነበባችሁ አድርጉት። በጭንቅ ሰዓት አፕ ውስጥ መፈለግ ከባድ ነው። ለጊዜው የሚዘጋውንና ለዘለቄታው የሚሰርዘውን ግን እንዳታምታቱ፤ ሁለተኛው አይመለስም።

9. የማትጠቀሙበትን ካርድ አስዘጉ። ከዚያ ቺፑንም ጥቁሩን መስመርም ለሁለት የሚከፍል አድርጋችሁ ቁረጡት። መሃሉን ብቻ መቁረጥ አይበቃም። ቺፑ ሳይነካ የቀረ ካርድ አሁንም ሊሠራ ይችላል። ቁርጥራጮቹን በተለያየ ጊዜ ጣሉ።

ደረጃ 3፦ ኤቲኤም ስትጠቀሙ

ከተቻለ ባንክ ውስጥ ያለውን ማሽን ምረጡ። በሥራ ሰዓት ሂዱ። ካርዱን ከማስገባታችሁ በፊት አምስት ሰከንድ ውሰዱ፦

- የካርድ ማስገቢያውን ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ላዩ ላይ የተለጠፈ የካርድ መረጃ መቅጃ ከሆነ ይወዛወዛል፤ አንዳንዴም ይላቀቃል።
- ቁልፎቹን ዳሰስ አድርጉ። ከወትሮው ከፍ ያለ፣ የሚንሸራተት ወይም የሚለሰልስ ሰሌዳ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል።
- ከቁልፎቹ በላይ ያለውን ጠርዝ እዩ። ትንሽ ቀዳዳ ወይም ከማሽኑ ጋር የማይመሳሰል ፕላስቲክ ካለ ካሜራ ሊሆን ይችላል።

አንዱ እንኳ ካጠራጠራችሁ ካርዱን ሳታስገቡ ሂዱና ለባንኩ አሳውቁ። የተለጠፈውን ለመንቀል አትታገሉ፤ የተከለው ሰው ቅርብ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ፒን ስትነኩ በሌላኛው እጃችሁ ሸፍኑ። ይህን ሁልጊዜ አድርጉ፣ ብቻችሁን ብትሆኑም። መቅጃው ያልታያችሁ ቢሆንም እንኳ ፒኑን ያላየ ሌባ በዚያ ካርድ ኤቲኤም ላይ ገንዘብ ማውጣት ይቸግረዋል።

ካርዱ ውስጥ ቢቀር፦ አንድ ምሽት ካርዴን አስገባሁ፤ ማሽኑ ዝም አለ። ካርዱም አልተመለሰም። ከኋላዬ የቆመ ጨዋ የሚመስል ሰው «እኔም ትናንት እንዲሁ ሆኖብኝ ነበር። ፒንህን እንደገና አስገባና ካንስል በል» አለኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር። ጎንበስ ብዬ ማስገቢያውን ሳየው ከጠርዙ ሥር ስስ ክር ብልጭ አለ፤ የዓሣ ማጥመጃ ክር ይመስላል። እዚያው ቆሜ ስልኬ ላይ ወዳለው የባንክ ቁጥር ደወልኩ። ዞር ስል ሰውየው የለም። ካርዱን የያዘው ያ ክር ነበር፤ ሰውየው የቀረችው ፒኔን ማየት ብቻ ነበረች።

ካርዳችሁ ከቀረ እንዲህ አድርጉ። ፒን አትድገሙ። ከማሽኑ አትራቁ። በአፑ እገዱት። ከዚያ ደውሉ። «እኔ ልርዳህ» ያለውን ሰው «አመሰግናለሁ፣ ባንኩ እየመጣ ነው» በሉት።

ማሽኑ «ገንዘብዎን ይውሰዱ» ብሎ ምንም ካልወጣ፦ የገንዘብ መውጫው ላይ የተለጠፈ ነገር ሊኖር ይችላል። እናንተ ስትሄዱ ሌባው ነቅሎ ይወስደዋል። እዚያው ቆማችሁ ደውሉ፤ ሰዓቱንና የማሽኑን መለያ ቁጥር መዝግቡ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልንገራችሁ። «ሌባ ካስገደደህ ፒንህን ገልብጠህ አስገባ፤ ፖሊስ ይጠራል» የሚል መልእክት በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞራል። ውሸት ነው። ማሽኑ «የተሳሳተ ፒን» ይላል እንጂ ለማንም አይደውልም። መሣሪያ ከያዘ ሰው ፊት ይህን መሞከር ሕይወት ያስከፍላል። ገንዘቡን ስጡት፤ ከዚያ ካርዱን አሳግዱ።

ደረጃ 4፦ በክፍያ ማሽን ስትከፍሉ

ካርዱ ከዓይናችሁ አይጥፋ። ሻጩ «ማሽኑ ውስጥ ነው» ካለ አብራችሁ ሂዱ። ፒን ከመንካታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ ያለውን መጠን አንብቡ። ካርዱ ሲመለስላችሁ ስሙን እዩ፤ በተመሳሳይ ባንክ በሌላ ሰው ካርድ የሚለውጡ አሉ። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው በሚቀጥለው ቀን ነው።

ማሽኑ «አልተሳካም» ካለና ሻጩ «እንደገና እንሞክር» ካለ ያልተሳካበትን ደረሰኝ ጠይቁ። ስልካችሁ ላይ የወጪ መልእክት አለመድረሱንም አረጋግጡ። ከዚያ ድገሙ።

በማስነካት መክፈልን ብዙዎች ይፈሩታል። ካርዱ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ነው፤ ያለ ፒን የሚያልፈው መጠንም በአብዛኛው የተገደበ ነው። ከመፈተግ ይሻላል። እኔ የማሳስበው ሌላ ነው፦ ካርዱ ሲጠፋ ያለ ፒን ትንንሽ ክፍያ ስለሚያልፍ «ነገ አሳግደዋለሁ» አትበሉ።

ደረጃ 5፦ ኦንላይን ስትከፍሉ

1. አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉ ወይም አፑን ክፈቱ። በመልእክት የመጣ ሊንክ ነክታችሁ ካርድ አታስገቡ። «እሽግዎ ተይዟል፤ ትንሽ ክፍያ ፈጽሙ» የሚለው መልእክት በዓለም ዙሪያ የሚሠራ ወጥመድ ነው። የሚፈልገው ትንሿን ክፍያ ሳይሆን የካርዱን ቁጥር ነው።

2. አድራሻውን ከኋላ ወደ ፊት አንብቡ። ከመጀመሪያው ነጠላ «/» በኋላ ያለውን ተዉት፤ ወሳኙ ከእሱ በፊት ባለው ክፍል ከመጨረሻው «ዶት ኮም» ወይም መሰሉ በፊት በቀጥታ ያለው ቃል ነው። መጀመሪያ ላይ የባንካችሁ ስም መጻፉ ምንም አያረጋግጥም፤ ማንም ሰው እዚያ ቦታ ላይ የፈለገውን ስም መጻፍ ይችላል።

3. ከአድራሻው ጎን ያለችውን የቁልፍ ምልክት አትመኑ። እሷ የምትለው «ግንኙነቱ የተመሰጠረ ነው» ነው እንጂ «ሻጩ ታማኝ ነው» አይደለም። አጭበርባሪም ይህችን ምልክት በቀላሉ ያገኛል።

4. «ካርዴን አስቀምጥልኝ» የሚለውን አትምረጡ። ሱቁ ሲዘረፍ የናንተም አብሮ ይሄዳል። ባንካችሁ ለአንድ ግዢ የሚሆን ጊዜያዊ ካርድ የሚሰጥ ከሆነ እሱን ተጠቀሙ። አፕል ፔይና ጉግል ፔይም ትክክለኛውን የካርድ ቁጥር በሌላ ቁጥር ተክተው ስለሚልኩ ይመረጣሉ።

5. ኮዱ ሲመጣ ከኮዱ በፊት ሙሉውን መልእክት አንብቡ። መጠኑ ስንት ነው? ለማን ነው? ከገዛችሁት ጋር ካልተስማማ ኮዱን አታስገቡ። ባንኩ መጠኑን የማይጽፍ ከሆነ የክፍያ ገጹ ላይ ያለውን ሁለት ጊዜ እዩ።

6. «ለ7 ቀን ነፃ» የሚሉ አገልግሎቶች ካርድ ሲጠይቁ የሚቋረጥበትን ቀን ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ አድርጉ።

ዕቃ ስትሸጡም ተጠንቀቁ። ገዢው «ገንዘቡን እንድልክልህ የካርድህን ቁጥር፣ ሲቪቪና የመጣልህን ኮድ ስጠኝ» ካለ ገዢ አይደለም። ገንዘብ ለመቀበል ሲቪቪም ኮድም አያስፈልግም።

ደረጃ 6፦ ስልክ ሲደወልና መልእክት ሲመጣ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ከላይ ያለውን ሁሉ አድርጎ እዚህ የሚወድቅ ሰው ብዙ ነው።

አንዲት ዘመዴ ሙያዋ የሂሳብ ሥራ ነው። ቁጥር አያታልላትም። አንድ ቀን ስልክ ተደወለላት። ደዋዩ ሙሉ ስሟን ያውቃል፤ የካርዷን የመጨረሻ 4 አሃዝም ነገራት። «ከሌላ ከተማ ገንዘብ እየወጣብዎ ነው። ልናስቆመው ነው፤ የማስቆሚያ ኮድ እንልክልዎታለን» አላት። ኮዱ መጣ። መልእክቱን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበችለት። «ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ» የሚለውን የመጨረሻ መስመር ጭምር! አጠገቧ ነበርኩ፤ ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው። ሞኝ ስለሆነች አይደለም። ያ ሰው አስቸኩሏት ነበር።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ልብ በሉ። ስማችሁንና የካርዳችሁን ጥቂት አሃዝ ማወቁ ከባንክ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ይህ መረጃ ከደረሰኝም፣ ከተዘረፈ ሱቅም ይገኛል። ስልካችሁ ላይ የባንኩ ስም መታየቱም አያረጋግጥም፤ የደዋይን ቁጥርና ስም ማስመሰል ይቻላል፤ ሐሰተኛው ኤስኤምኤስ ከእውነተኞቹ የባንኩ መልእክቶች ሥር ተሰልፎ ሊገባ ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ ዋናው ነው፦ ክፍያን ለማስቆም ኮድ አያስፈልግም። ኮድ የሚያስፈልገው ለማሳለፍ ነው።

ስልኩ ሲደወል በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. «እሺ፣ እኔ መልሼ እደውላለሁ» በሉ። ማብራሪያ አትስጡ፤ አትከራከሩ።
2. ዝጉ። ይሉኝታ አይያዛችሁ። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ በዚህ አይቀየምም።
3. ከካርዱ ጀርባ ወዳለው ቁጥር ደውሉ። የቤት መስመር ከሆነ በሌላ ስልክ ደውሉ፤ አጭበርባሪው መስመሩን ሳይዘጋ ሊጠብቃችሁ ይችላል።
4. «አሁን ደውላችሁልኝ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደዋዩ ከእነዚህ አንዱን ካለ ጥያቄም አያስፈልግም፤ ወዲያውኑ ዝጉ፦

- «ገንዘብዎን ወደ አስተማማኝ ሂሳብ ያዛውሩ»
- «ስልክዎ ላይ ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር ይጫኑ»፤ እነዚህ ስልካችሁን ከሩቅ ሆኖ ማየትና ማዘዝ የሚያስችሉ አፖች ናቸው
- «ካርዱን የሚወስድ ሰው ልከናል»
- «ለማንም እንዳይነግሩ፤ የባንኩ ሠራተኛ ተጠርጥሯል»
- «ስልኩን እንዳይዘጉ»

በዕድሜ የገፉ ወላጆች ካሏችሁ ይህን ደረጃ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። «ማንም ስለ ካርድ ቢደውልልሽ መጀመሪያ ለእኔ ደውይ፤ ሌሊትም ቢሆን» በሏት እናታችሁን። ሰው ስለ ገንዘቡ ሲፈራ መጀመሪያ የሚደውልለት ሰው ቢኖረው ግማሹ ችግር ይቀላል። ተታለው ከሆነም አትቆጧቸው። የተቆጣችሁት ሰው ሁለተኛ ጊዜ ይደብቃችኋል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ መደበቅ ሰዓታት ያባክናል።

ስልኩ በድንገት ኔትወርክ ቢያጣ፦ አጠገባችሁ ያለው ሰው በተመሳሳይ መስመር እየሠራለት የናንተ ብቻ ከጠፋ፣ አንዴ አጥፍታችሁ አብሩት። ካልመጣ አትጠብቁ። አንድ ሰው በስማችሁ ሲም አውጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ኮዶቹ አሁን ለእሱ እየደረሱት ነው። በሌላ ስልክ መጀመሪያ ለባንኩ፣ ቀጥሎ ለቴሌኮሙ ደውሉ።

ደረጃ 7፦ በሳምንት አንድ ቀን እዩ

አንድ ቀን ምረጡ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። የሳምንቱን ወጪ መስመር በመስመር እዩ። የማታውቁት ስም ካያችሁ ወዲያው አትደንግጡ፤ አንዳንድ ሱቆች የሚመዘገቡት በድርጅቱ ሕጋዊ ስም ነው። ቀኑንና መጠኑን ከደረሰኞቻችሁ ጋር አስተያዩ። ካልተገናኘ ግን፣ ትንሽም ብትሆን፣ እንደ ስርቆት ቁጠሩት።

ደረጃ 8፦ ገንዘብ ከወጣ

የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች

1. ካርዱን በአፑ ዝጉ። ከመደወላችሁ በፊት።
2. ለባንኩ ደውሉ። እንዲህ በሉ፦ «ያላዘዝኩት ክፍያ ከሂሳቤ ወጥቷል። ካርዱን ለዘለቄታው አግዱልኝ፤ ክፍያውንም እየተቃወምኩ ነው።» «ካርዴ አልሠራ አለ» ብቻ ካላችሁ ጉዳዩ እንደ ተራ ብልሽት ይያዛል።
3. የአቤቱታ ቁጥር ጠይቁ። የሠራተኛውን ስምና ሰዓቱን ጻፉ።
4. ሌላ ካርድ ወይም ሞባይል ባንኪንግ ከዚያው ሂሳብ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ጠይቁ። እሱም ይታገድ።

መስመሩ ካልተነሳ፦ መደወላችሁን ሳታቆሙ በአፑ የካርዱን ገደቦች ሁሉ ወደ ዜሮ አውርዱ፤ ገንዘቡን ወደ ሌላ የራሳችሁ ሂሳብ አዛውሩ። የባንኩ ቅርንጫፍ ክፍት ከሆነ ወደዚያ ሂዱ። ማስጠንቀቂያ፦ «አስተማማኝ ሂሳብ» የሚባለው ተረት ከዚህ ጋር እንዳይምታታባችሁ። የምታዛውሩት በራሳችሁ ስም ወዳለና ከዚህ በፊት ወደምታውቁት ሂሳብ ብቻ ነው፤ ማንም ሳይነግራችሁ።

ከሩቅ የሚያዝ አፕ ጭናችሁ ከሆነ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን አጥፉ። ከዚያ አፑን አውጡ። የይለፍ ቃሎቻችሁን በሌላ ንጹሕ ስልክ ቀይሩ።

በዚያው ቀን

መልእክቶቹን፣ የደዋዩን ቁጥርና የወጪ ዝርዝሩን ስክሪንሾት አንሱ። ምንም አታጥፉ። ብዙ ሰው በንዴት መልእክቱን ሰርዞ ከዚያ ማስረጃ ያጣል። የሆነውን በሰዓት በሰዓት ጻፉ፤ ነገ ይደባለቅባችኋል። ለፖሊስ አመልክቱና የማመልከቻውን ቅጂ ያዙ፤ ባንኮች ብዙ ጊዜ ይጠይቁታል።

በቀጣዮቹ ቀናት

የክፍያ መቃወሚያ ቅጹን ሞልታችሁ አስገቡ። ስልክ መደወል ብቻውን አይበቃም። የቪዛና የማስተርካርድ ደንብ ክፍያውን ለመቃወም ለባንኮች በአብዛኛው 120 ቀን ይሰጣል፤ ባንካችሁ ለእናንተ የሚሰጠው ጊዜ ግን ከዚያ በጣም ሊያንስ ይችላል። የመጨረሻውን ቀን በጽሑፍ ጠይቁ። የምታስገቡትን ሁሉ ተቀባይነቱን የሚያሳይ ማኅተም ወይም የኢሜይል መልስ ያዙ።

ኮዱን ለአጭበርባሪ ሰጥታችሁ ከሆነ እውነቱን ተናገሩ። ሥርዓታቸው ኮዱ መቼ እንደገባ ያሳያል፤ ዋሽታችሁ ከተገኛችሁ ጉዳዩ ይበላሻል። ማስመለስ ይከብዳል እንጂ በሩ ሁልጊዜ የተዘጋ አይደለም። በተለይ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሂሳብ ተዛውሮ ገና ካልወጣ ባንኩ ሊያስይዘው ይችላል፤ ለዚህ ነው ደቂቃ የሚቆጠረው።

ባንኩ «አይመለስም» ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ ለባንኩ የቅሬታ ክፍል፣ ቀጥሎም በምትኖሩበት አገር ባንኮችን ለሚቆጣጠረው አካል አቤት በሉ።

አዲሱ ካርድ ሲመጣ

አዲስ ፒን አድርጉ፤ የድሮውን አትድገሙ። ወርሃዊ ክፍያ የሚቆርጡባችሁን አገልግሎቶች ዝርዝር እዩ። ቪዛና ማስተርካርድ አዲሱን የካርድ ቁጥር ለእነዚህ ነጋዴዎች በራሱ የሚያደርስ አሠራር አላቸው። ስለዚህ የምትቃወሙት ክፍያ ተደጋጋሚ ከሆነ ካርድ መቀየር ላያስቆመው ይችላል። ያንን ነጋዴ በስም ለይቶ እንዲያግድላችሁ ባንኩን ጠይቁ።

ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ ደግሞ ሌላ ስልክ ሊመጣ ይችላል። «ገንዘብዎ ተገኝቷል፤ ለማስመለሻ ትንሽ ክፍያ ብቻ ይፈጽሙ» ይላል። ስማችሁን፣ የተዘረፋችሁበትን ቀን፣ መጠኑን ጭምር ያውቃል። ቢያውቅ አይግረማችሁ፤ የተዘረፉ ሰዎች ዝርዝር ከሌባ ወደ ሌባ ይሸጣል። ደረጃ 6 ላይ እንዳለው ዝጉትና የአቤቱታ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ራሳችሁ ወደ ባንኩ ደውሉ።